ሚያዝያ 27 ከደቻቱ ዳር ሲታይ

ሚያዝያ 27 ቀን በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ድርጊቶችን የተሸከመ ዕለት ነው። በ1928 ዓ.ም በዚህ ዕለት የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን ያዘ። በ1933 ዓ.ም በዚያው ዕለት ደግሞ ቀዳማዊ አፄ ኃይለሥላሴ ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ ወደ መናገሻ ከተማቸው ተመልሰው ገቡ። ዕለቱ የአርበኞች የድል በዓል ተብሎ በየዓመቱ በመላ አገሪቱ ይከበራል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ዝግ ሆነው ይውላሉ።

የበዓሉ ሁለቱም ታሪኮች የተፈጸሙት በአዲስ አበባ ነው። የደቻቱ ወንዝ ለሁለት ከፍሏት በሚያልፈው በድሬዳዋ ከተማ ግን የቀኑ አቆጣጠር የተለየ ነበር። ወራሪው ጦር ወደ ከተማዋ የገባው ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም አራት ቀን ዘግይቶ ነው። የኢጣሊያ አገዛዝ ከከተማዋ የተወገደው ደግሞ ከሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም 37 ቀናት አስቀድሞ ነው። ከተማዋን የወለደው የባቡር ሐዲድ ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ቁጥጥር እንዲመለስ የተወሰነውም ከዚያ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ ነበር።

ይህ ልዩነት የበዓሉን ክብር የሚቀንስ አይደለም። አንድ ብሔራዊ ቀን እንዴት እንደሚመረጥ፣ ምን እንደሚያጠቃልልና ምን እንደሚተው ግን በግልጽ ያሳያል። በበዓላት ዝግጅት፣ በትምህርት፣ በባህልና በመዛግብት ሥራ ላይ ለተሰማሩ የመንግሥት ሠራተኞች ጉዳዩ ከታሪክ ዕውቀት አልፎ የዕለት ተዕለት ሥራን የሚመለከት ነው።

የባቡሩ ከተማና ወንዙ

ድሬዳዋ የተመሠረተችው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም ከቦታው በደረሰ ጊዜ ነው። መሥመሩ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ የነበረ ቢሆንም፣ የተራራው አቀበት ለሐዲድ ሥራ አስቸጋሪ በመሆኑ ጣቢያው ከተራራው ግርጌ በሚገኘው ሜዳ ላይ ተሠራ። ከዚያም ሐዲዱ በአዋሽ በኩል ተዘርግቶ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ደረሰ። በዚህም የተነሣ ድሬዳዋ ከባሕር በር ወደ መሐል አገር የሚጓዘው ሰውና ዕቃ ሁሉ የሚያልፍባት መናኸሪያ ሆነች።

ደቻቱ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታይ ወንዝ ነው። በአንድ ዳርቻው የባቡር ጣቢያው የሚገኝበት፣ ቀጥ ባሉ ጎዳናዎቹና በጥላ ዛፎቹ የሚታወቀው ከዚራ፣ በሌላው ዳርቻ ደግሞ የንግዱ መንደር መጋላ ይገኛሉ። ብዙው ኢትዮጵያዊ የወንዙን ስም የሚያስታውሰው ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ቀን 1998 ዓ.ም በደረሰውና ከ200 በላይ ሰዎችን በገደለው የሌሊት ጎርፍ ነው። ይሁን እንጂ የወንዙን ሁለት ዳርቻዎች የያዘ ኃይል ባቡሩን፣ ባቡሩን የያዘ ኃይል ደግሞ የአገሪቱን የባሕር መውጫ ይዟል ማለት በመሆኑ፣ ደቻቱ በጦር ታሪክም የራሱ ቦታ አለው።

ከሚያዝያ 24 እስከ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም በማይጨው የተደረገው ጦርነት በኢትዮጵያ ሠራዊት መሸነፍ ከተጠናቀቀ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በከተማዋ የተሰበሰቡት መኳንንትና ሹማምንት ከመከሩ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ወጥተው የአገሪቱን አቤቱታ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር እንዲያቀርቡ በድምጽ ብልጫ ተወሰነ። በውሳኔው ያልተስማሙና በአገር ውስጥ ሆኖ መዋጋት ይሻላል ያሉ ሰዎችም ነበሩ።

ንጉሠ ነገሥቱን፣ ቤተሰባቸውንና አንዳንድ ሹማምንትን የያዘው ባቡር ሚያዝያ 24 ቀን ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ተነሣ። በድሬዳዋ በኩል አልፎም ሚያዝያ 25 ቀን ጅቡቲ ደረሰ። በዚያው ዕለት ከ47 ዓመታት በፊት፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም፣ የውጫሌ ውል መፈረሙ ይታወቃል። ኢጣሊያ በ17ኛው አንቀጽ የተነሣ ኢትዮጵያን በሞግዚትነት ይዣለሁ ያለችበትና ለአድዋ ጦርነት ምክንያት የሆነው ውል ይኸው ነው። የሁለቱ ድርጊቶች በአንድ ዕለት መግጠም አጋጣሚ ብቻ በመሆኑ ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ከሄዱ በኋላ አዲስ አበባ ለሦስት ቀናት ያህል በዘረፋና በቃጠሎ ታመሰች። ሚያዝያ 27 ቀን ከቀትር በኋላ በማርሻል ባዶሊዮ የሚመራው ጦር ከተማዋን ያዘ። ሙሶሊኒም በዚያው ምሽት ሮም ላይ ጦርነቱ ማብቃቱን ለሕዝቡ አወጀ።

በምሥራቅ ግን ጦርነቱ ገና አልተጠናቀቀም ነበር። በደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል የበላይ አዛዥነት በኦጋዴን ግንባር የተሰለፈው የኢትዮጵያ ጦር በሚያዝያ ወር አጋማሽ ከግራዚያኒ ጦር ጋር ብርቱ ውጊያ አድርጎ በወሩ መጨረሻ ተገፍቶ ወደ ኋላ ተመለሰ። ቀደም ብሎ በ1928 ዓ.ም የመጀመሪያ ወራት በቆራሔ ምሽግ ደጃዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት በጀግንነት ተዋግተው ለአገራቸው መውደቃቸው በዚሁ ግንባር ታሪክ ጎልቶ የሚነሣ ነው። የግራዚያኒ ጦር በጅጅጋ በኩል አልፎ ሚያዝያ 30 ቀን ሐረርን ያዘ።

በማግሥቱ፣ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም፣ ከደቡብ የመጣው ይህ ጦርና ከአዲስ አበባ በባቡር የተላከው የሰሜኑ ጦር ድሬዳዋ ላይ ተገናኙ። ሙሶሊኒ የኢጣሊያው ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውንና የኢጣሊያ ግዛተ አፄ መቋቋሙን ያወጀውም በዚሁ ዕለት ነበር። ስለዚህ የኢጣሊያ የጦር አዛዦች ሁለቱን ግንባሮች አገናኝተው የባቡሩን መሥመር የጨበጡበት ቀን ሲፈለግ የሚገኘው በሚያዝያ 27 ሳይሆን በግንቦት 1፣ በአዲስ አበባ ሳይሆን በደቻቱ ዳርቻ ነው።

አምስቱ የተጋድሎ ዓመታት

የዋና ከተማዋ መያዝ የአገሪቱ መያዝ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም በጄኔቭ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤቱታቸውን ሲያሰሙ፣ በአገር ውስጥ ደግሞ በሸዋ፣ በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወለጋና በሌሎችም አካባቢዎች አርበኞች ጫካ ገብተው ይዋጉ ነበር። በሸዋ ራስ አበበ አረጋይ፣ በጎጃም በላይ ዘለቀ የመሩት ትግል በሰፊው የሚታወቅ ነው። ከተማ ውስጥ ሆነው መረጃ፣ ጥይትና መድኃኒት ለአርበኞች የሚልኩ የውስጥ አርበኞችም ነበሩ፤ ከእነዚህ መካከል የወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ስም በቀዳሚነት ይነሣል።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በግራዚያኒ ላይ የተደረገውን የግድያ ሙከራ ተከትሎ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የተፈጸመው ጭፍጨፋ ትግሉን ከማዳከም ይልቅ ብዙዎችን ወደ ጫካ ገፋ። አርበኞቹ አምስት ዓመት ሙሉ ወራሪው ከከተሞችና ከዋና ዋና መንገዶች ውጭ ተረጋግቶ እንዳይቀመጥ አድርገዋል። በ1932 ዓ.ም ኢጣሊያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጀርመን ጎን ስትሰለፍ፣ እንግሊዝ ለኢትዮጵያ ድጋፍ ለመስጠት የወሰነችው ይህን ትግል እንደ ዋና አቅም ቆጥራ ነው።

የምሥራቁ መንገድ በ1933 ዓ.ም

ኢትዮጵያን ነፃ ለማውጣት የተደረገው ዘመቻ በአንድ ጊዜ ከበርካታ አቅጣጫዎች የተካሄደ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም በኦሜድላ በኩል ገብተው ከአርበኞችና በኮሎኔል ዊንጌት ከሚመራው የጌዲዮን ጦር ጋር በጎጃም ወደ ፊት ተጓዙ። በሰሜን በጀኔራል ፕላት የሚመራው ጦር በኤርትራ በኩል ከረንን ከበበ። በምሥራቅ ደግሞ በጀኔራል ካኒንግሃም የሚመራው፣ የደቡብ አፍሪካ፣ የናይጄሪያና የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች የሚገኙበት ጦር ከኬንያ ተነሥቶ ሞቃዲሾን ከያዘ በኋላ በኦጋዴን በኩል ወደ ሰሜን ገሠገሠ።

ይህ ጦር መጋቢት 8 ቀን ጅጅጋ ደረሰ። ከካራማራ ተራራ ሰንሰለት ላይ በሚገኘው በማርዳ በር ከተዋጋ በኋላም መጋቢት 17 ቀን የናይጄሪያ ብርጌድ ሐረርን ያዘ። ከሦስት ቀናት በኋላ፣ መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም፣ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ድሬዳዋ ገቡ። የኢጣሊያ ጦር ወደ አዋሽ ሲያፈገፍግ ከተማዋን ጥሎ በመሄዱ፣ ጦሩን የከዱ ወታደሮች በነዋሪው ላይ ያደርሱት የነበረው ዘረፋና ግድያ ከተማዋ ፈጥና እንድትያዝ ምክንያት ሆኗል። በድሬዳዋ የሚገኘው የጋራ ብልጽግና አገሮች ወታደሮች የመቃብር ሥፍራ ለዚያ ዘመቻ ዛሬም ምስክር ሆኖ ይታያል።

ከድሬዳዋ በኋላ የተረፈው ዋና መሰናክል የአዋሽ ወንዝ ነበር። ወደ ኋላ የሸሸው ጦር የአዋሽን ድልድዮች ቢያፈርስም ግስጋሴውን ሊያቆም አልቻለም። ድሬዳዋ ከተያዘች በስምንተኛው ቀን፣ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም፣ አዲስ አበባ በካኒንግሃም ጦር እጅ ገባች። በዚያው ዕለት ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ነበሩ።

ከመጋቢት 28 እስከ ሚያዝያ 27 ያለው ጊዜ

አዲስ አበባ ከኢጣሊያ አገዛዝ ነፃ በወጣችበትና ንጉሠ ነገሥቱ በገቡበት ቀን መካከል 29 ቀናት አሉ። የእንግሊዝ የጦር አዛዦች በከተማዋ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢጣሊያውያን ሲቪሎች መኖራቸውንና የበቀል እርምጃ ሊወሰድ ይችላል የሚለውን ሥጋት በምክንያትነት በማቅረብ ጉዞው እንዲዘገይ አድርገው ነበር። ከምክንያቱ ጀርባ ግን ነፃ በወጣችው አገር የበላይ ሥልጣን የሚኖረው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነበር። እንግሊዞች በያዙት ሥፍራ ወታደራዊ አስተዳደር አቋቁመው ስለነበር የንጉሠ ነገሥቱ ወደ መናገሻቸው መግባት ለጥያቄው መልስ መስጠት ማለት ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን በእንጦጦ በኩል ወርደው ወደ ከተማዋ ገቡ። ለሕዝቡ ባደረጉት ንግግርም ክፉን በክፉ መመለስ እንደማይገባ አሳስበዋል። የገቡበት ዕለት ባዶሊዮ በገባበት ዕለት ላይ ማረፉ ለበዓሉ ትርጉም ሰጠው፦ ውርደቱ በጀመረበት ቀን ውርደቱ ተሻረ። ሚያዝያ 25 ላይ የተገጣጠሙት የውጫሌ ውልና የንጉሠ ነገሥቱ ስደት ትርጉም የሚሰጣቸው ባለማግኘታቸው ሲረሱ፣ ሚያዝያ 27 ግን በሕግና በሥርዓት ታስቦ እንዲውል በመደረጉ ሕያው ሆኖ ቆይቷል። በአራት ኪሎ የሚገኘው ሐውልትና ሚያዝያ 27 አደባባይ የሚለው ስም የዚሁ ውሳኔ ፍሬዎች ናቸው።

ለድሬዳዋ ያልተዘጋው ምዕራፍ

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም ጦርነቱ በመላ አገሪቱ ያበቃበት ቀን አይደለም። በጎንደር የነበረው የመጨረሻው የኢጣሊያ ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም ነው።

በምሥራቅ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ተከተለ። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ስምምነት የኢትዮጵያን ነፃ መንግሥትነት ቢያረጋግጥም፣ ኦጋዴንን፣ ከፈረንሳይ ሶማሌላንድ ጋር የሚዋሰነውን አካባቢና የባቡር ሐዲዱን ለጊዜው በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር እንዲቆዩ አደረገ። ለድሬዳዋ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የከተማዋ ገበያ፣ ሥራና ገቢ የተመሠረተው በባቡሩ ላይ ስለነበር፣ ኢጣሊያ ከሄደም በኋላ የከተማዋ ዋና የኑሮ ምንጭ በሌላ አገር ጦር አስተዳደር ሥር ቆየ ማለት ነው።

ሐዲዱ ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ቁጥጥር እንዲመለስ የተወሰነው ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም በተፈረመው ሁለተኛው ስምምነት ነው። አብዛኛው የኦጋዴን ክፍል በ1941 ዓ.ም፣ ሐውድና የቀረው አካባቢ ደግሞ በ1947 ዓ.ም ተመለሱ። ስለዚህ የነፃነቱ ታሪክ ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ሲታይ በአንድ ቀን የተጠናቀቀ ሳይሆን፣ በጦር ሜዳ የተጀመረና በዲፕሎማሲ ጠረጴዛ ላይ ለ14 ዓመታት ያህል የቀጠለ ሥራ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ስማቸው በሐውልት ላይ ያልተጻፈ የመንግሥት ሠራተኞች፣ የውል አርቃቂዎችና ተደራዳሪዎች ድርሻ ከፍ ያለ ነበር።

በ1928 እና በ1933 ዓ.ም ጦር የተጓዘበት ከጅጅጋ በማርዳ በር አልፎ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው አቅጣጫ ለሦስተኛ ጊዜ የጦር ሜዳ የሆነው በዚያድ ባሬ መንግሥት ወረራ ወቅት ነው። በነሐሴ ወር 1969 ዓ.ም የሶማሊያ ጦር በታንክና በመድፍ ታጅቦ ድሬዳዋን ለመያዝ ያደረገው ጥቃት በምድር ጦሩ፣ በሚሊሺያው፣ በአየር ኃይሉና በነዋሪው ተጋድሎ ከከተማዋ ደጃፍ ተመለሰ። ጅጅጋን ነፃ ያወጣው የካራማራ ድል የተገኘው ደግሞ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም ነው። የካራማራ ቀን በየዓመቱ ሲታወስ፣ ድሬዳዋ ባትያዝ ኖሮ ብቻ ሊገኝ የቻለ ድል መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው። የባቡሩ ከተማና የአየር ማረፊያው በጠላት እጅ ወድቀው ቢሆን ኖሮ የምሥራቁ ግንባር የስንቅና የትጥቅ መሥመር ይቆረጥ ነበር።

በዓሉ የተዛወረባቸው ዓመታት

ሚያዝያ 27 ከ1933 ዓ.ም በኋላ የነፃነትና የድል ቀን ሆኖ ሲከበር ቆይቷል። የደርግ መንግሥት ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን የድል በዓሉ ወደ መጋቢት 28 ተዛወረ። ከ1983 ዓ.ም የመንግሥት ለውጥ በኋላ ደግሞ ወደ ሚያዝያ 27 ተመልሷል።

የሁለቱ ቀናት ልዩነት በትርጉም ላይ ነው። መጋቢት 28 የጠላት አገዛዝ ከዋና ከተማዋ የተወገደበትን ድርጊት ይይዛል፤ ይሁንና በዚያ ቀን ወደ ከተማዋ የገባው የውጭ አገር ጦር ነበር። ሚያዝያ 27 በበኩሉ የአገሪቱ መንግሥት ወደ መንበሩ መመለሱን ይይዛል፤ ይሁንና ከንጉሠ ነገሥቱ ስም ጋር የተቆራኘ ነው። በሁለቱም ዕለታት ግን አምስት ዓመት በዱር በገደል የተዋደቁት አርበኞች ለብቻቸው የሚጠቀስ አንድ የድል ቀን የላቸውም፤ ትግላቸው በአንድ ቀን የተጀመረ ወይም የተፈጸመ አልነበረምና። በዓሉ በአርበኞች ስም መጠራቱ ይህንን ጉድለት የሚሞላ ሆኗል።

በሌሎች አገሮች

በአሜሪካ በየዕለቱ የሚነበቡ የጦር ታሪክ ዓምዶች በአንድ ቀን ሥር የብዙ ዘመናትን ድርጊቶች አሰባስበው ማቅረብ የተለመደ ነው። ለምሳሌ ሜይ 5 ቀን በ1864 እ.ኤ.አ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የጀኔራል ግራንትና የጀኔራል ሊ ሠራዊቶች በቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ የሦስት ቀን ውጊያ የጀመሩበት ዕለት ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1862 እ.ኤ.አ በዚሁ ዕለት የሜክሲኮ ጦር በጀኔራል ኢግናሲዮ ሳራጎሳ መሪነት ወራሪውን የፈረንሳይ ጦር ፑዌብላ ከተማ ላይ ድል አድርጓል። ፈረንሳዮች በቀጣዩ ዓመት ተመልሰው ከተማዋን ቢይዙም፣ ሜክሲኳውያን የድሉን ቀን ሲያከብሩ ኖረዋል። በአሜሪካ የሚኖሩ የሜክሲኮ ተወላጆችም ቀኑን በስፋት ያከብሩታል።

ለኢትዮጵያ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የኔዘርላንድስ ተሞክሮ ነው። ኔዘርላንድስ ከናዚ ጀርመን ወረራ ነፃ የወጣችበትን በዓል የምታከብረው ሜይ 5 ቀን ነው። ይህም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1937 ዓ.ም ማለት ነው። ነገር ግን በአገሪቱ ደቡብ የምትገኘው የማስትሪክት ከተማ ነፃ የወጣችው ከዚያ ከሰባት ወራት በላይ አስቀድሞ በሴፕቴምበር 1944 እ.ኤ.አ ነበር። የደቡቡ ነዋሪዎች ብሔራዊውን ቀን ከሌላው ሕዝብ ጋር በአንድነት ያከብራሉ፤ የየከተሞቻቸውን ቀንም በየአካባቢያቸው ያስታውሳሉ። አንዱ ሌላውን አልሻረም።

ቀንን በትክክል ስለመመዝገብ

የአንድን ቀን ታሪክ ለማጠናቀር የሚነሣ ባለሙያ በቅድሚያ የሚገጥመው ችግር የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው። ሚያዝያ 27 በአሁኑ ዘመን ሁልጊዜ ሜይ 5 ላይ ይውላል። ይሁን እንጂ ይህ ስሌት ለ19ኛው ክፍለ ዘመን አይሠራም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ያለማቋረጥ ስድስት ቀን ትሆናለች። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ግን 1900 ዓመት ፌብሩዋሪ 29 ቀን አልነበረውም። ስለዚህ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ስሌት በአንድ ቀን ይለያያል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የአድዋ ድል ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም በወቅቱ የዋለው ማርች 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ ሲሆን፣ በዛሬው ስሌት ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። በዚሁ ምክንያት የፑዌብላ ድል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ሳይሆን ሚያዝያ 28 ቀን 1854 ዓ.ም ላይ ያርፋል። ከ2092 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ሚያዝያ 27 ወደ ሜይ 6 ይሻገራል። እንዲሁም ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ እስከ የካቲት ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ያሉት ቀናት ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ማግሥት በአንድ ቀን እንደሚዛነፉ መዘንጋት የለበትም።

በመሆኑም በደብዳቤ፣ በሐውልት ጽሑፍ፣ በኤግዚቢሽን መግለጫና በመማሪያ መጻሕፍት ላይ የታሪክ ቀን ሲጻፍ ሁለቱንም አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ማስፈር፣ ድርጊቱ በወቅቱ ከዋለበት ቀን ጋር ማመሳከርና የተፈጸመበትን ቦታ በስሙ መጥቀስ ስህተትን ይቀንሳል። አዲስ አበባ የተያዘችበት ቀን ሁሉም ከተሞች የተያዙበት ቀን ተደርጎ ሲጻፍ የየአካባቢው ታሪክ ይጠፋል። መጋቢት 28 እና ሚያዝያ 27 ያለ ማብራሪያ ተቀላቅለው ሲቀርቡም አንባቢው የትኛው ቀን የምን እንደሆነ መለየት ይቸግረዋል።

የድሬዳዋ የቀን ሠንጠረዥ ከዚህ አኳያ ሲዘጋጅ ቢያንስ አምስት ዕለታትን ይይዛል። እነዚህም ሚያዝያ 24 እና 25 ቀን 1928 ዓ.ም የንጉሠ ነገሥቱ ባቡር በከተማዋ በኩል ያለፈበት ጉዞ፣ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም የሁለቱ ግንባሮች ወራሪ ጦር የተገናኘበት፣ መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም የኢጣሊያ አገዛዝ ከከተማዋ የተወገደበት፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም የባቡር ሐዲዱ እንዲመለስ የተፈረመበት፣ እንዲሁም የነሐሴ ወር 1969 ዓ.ም የመከላከል ውጊያ ናቸው። በዓሉ በሚያዝያ 27 ሲከበር እነዚህ ዕለታት በትምህርት ቤቶች፣ በቀበሌ አዳራሾችና በአሮጌው የባቡር ጣቢያ አካባቢ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተጽፈው ቢቀርቡ፣ የከዚራም ሆነ የመጋላ ወጣት ብሔራዊው የድል ቀን በእርሱ ሰፈር በኩል ያለፈ መሆኑን በቀላሉ ሊረዳ ይችላል። ሥራው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሳይሆን፣ በየመሥሪያ ቤቱ የሚገኙ መዛግብትን ማሰባሰብና ቀኖቹን አመሳክሮ መጻፍን ብቻ የሚጠይቅ ነው።